ገና ላልመጣው ሰው

ሲያስገቡኝ መጀመሪያ ያየሁት ሰዎቹን አልነበረም፤ የግድግዳውን ግርጌ ነው። አይጥ ግድግዳ ታክኮ ነው የሚሄደው፤ ሲመላለስ ከፀጉሩ የሚቀረው ቅባት ጥቁር መስመር ይሠራል። የዚያ መጋዘን መስመር አውራ ጣቴን ያህል ይሰፋ ነበር። እዚህ ቤት ብቻችንን አይደለንም አልኩ በልቤ። ቀና ብዬ ሰላምታ የሰጠሁት ከዚያ በኋላ ነው።

ሥራዬ ይኸው ነው። ጎንደር ውስጥ የነጋዴ እህል መጋዘኖችንና የአንድ የምርምር ጣቢያ የዘር ማከማቻን ከአይጥ እጠብቃለሁ። ሰው ሲሰማ ይስቃል፤ እኔ ግን በሙያዬ አፍሬ አላውቅም። የታሰርኩት በቀበሌ ስብሰባ ላይ እጄን አውጥቼ፣ ከሰፈራችን የተወሰዱት ልጆች የት እንዳሉ ስለጠየቅሁ ነው። እስር ቤቱ ሞልቶ ስለነበር የደረሰኝ ይህ መጋዘን ሆነ። ግማሹ በቆርቆሮ ተከፍሎ ስንዴ ነበረበት፤ በሌላው ግማሽ እኛ ነበርን። ባለቤቴ የመጀመሪያ ልጃችንን ልትወልድ ተቃርባ ነበር።

አጠገቤ የሚተኙት ከድብ ባሕር የመጡ አዛውንት ገበሬ ናቸው። ልጅህ ሸፍቷል ተብለው ነው የተያዙት፤ ሁላችንም አያ እንላቸዋለን። ከየቤቱ የመጣውን ምግብ ቀላቅለን በጋራ ነበር የምንበላው። ማንም እጁን ሳይሰድ ግን አያ አንድ ድርሻ ያነሳሉ፤ ድንገት ተይዞ ለሚገባ፣ ጠያቂ ለሌለው ሰው። ድርቆሽና ቁራሽ ዳቦ ነው፤ በፌስታል ጠቅልለው ጥግ ላይ ያኖሩታል። እኔ የከተማው ልጅ ስለሆንኩ ምግብ የመጣልኝ በገባሁበት ቀን ነው፤ ከዚያ ድርሻ አልቀመስኩም።

ችግሩ፣ ድርሻውን አይጦቹም ያውቁታል። ባለሙያ ነኝና ለአያ ነገርኳቸው፤ አይጡን የምንቀልበው እኛው ነን፣ ይቅር አልኩ። አያ ትክ ብለው አዩኝ።

"ምነው ልጄ፣ ለአይጥ ተብሎ ሰው ይራባል?"

ፌስታሉን አጥብቄ ቋጥሬ ወደ ጥጉ መለስኩት።

አንድ ጠዋት የእስር ቤቱ ኃላፊ ቢሮው አስጠራኝ። ስንዴው እየተበላ ነው፣ ባለንብረቱም መቆሚያ መቀመጫ አሳጥቶታል። ሥራዬን ከሰው ሰምቷል። ከመሳቢያው አንድ እሽግ አውጥቶ ሰጠኝ። ሽታው ገና ከእሽጉ ላይ ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ይላል፤ ሰውንም የሚገድል የአይጥ መርዝ መሆኑን ለማወቅ ነጋሪ አያሻኝም።

"እዚያ ጥግ የምታስቀምጡት ድርቆሽ ላይ ነስንስበት። እሱን ለምደውታል" አለኝ። "ይህን ከጨረስክልኝ ቅዳሜ ቤትህ ነህ።"

ባለቤቴ ዓይኔ ላይ ድቅን አለች። ቃሉን የሚጠብቅ ሰው ይመስል ነበር፤ ያ ነው የከበደኝ። ሰው በሚበላበትና በሚተኛበት ቤት ይህ መርዝ እንደማይነሰነስ፣ ቀዳዳ ደፍኜና ምግቡን ከመሬት አንሥቼ አይጡን ላጠፋለት እንደምችል አስረዳሁት። እሱ ግን የቸኮለ ሰው ነበር።

"ለሰዎቹ ንገራቸው፤ አይነኩትም።"

"ያሉትስ ይሰሙኛል" አልኩት። "ገና ያልመጣው ሰው በምን ይወቅ?"

"ቅዳሜን አስብ።"

"አስቤዋለሁ" አልኩና እሽጉን ሳልከፍት በሁለት እጄ መለስኩለት።

የሆነውን ስነግራቸው እስረኞቹ የአይጥ ጠበቃ የሚል ስም አወጡልኝ። አያ ብቻ አልሳቁም። ካረጀ ጆንያ ክር እየመዘዙ ጭናቸው ላይ ገመድ መግመድ ጀመሩ። እኔም አሮጌ ጀሪካን በቆርቆሮ ስባሪ ቀድጄ ሳህን የሚያህል ክብ አወጣሁ፤ መሐሉን በስቼ ገመዱን አሳለፍኩበትና ድርሻውን ከሥሩ አስሬ ማገሩ ላይ ሰቀልኩት። አይጥ በገመድ መውረድ አያቅተውም፤ የሚያዳልጠውና የሚወዛወዘው ክብ ላይ ሲደርስ ግን መቆንጠጫ ያጣል። አያ ከሥር ሆነው እያዩ "ሸጋ አድርገኸዋል" አሉኝ። ኃላፊውም ለስንዴው ሲል ጭቃና የጠርሙስ ስባሪ ፈቀደልን፤ ቀዳዳዎቹን ደፈንን። ሲውል ሲያድር ጥቁሩ መስመር አቧራ ለበሰ። አይጥ የተወው መንገድ እንደዚያ ነው የሚሆነው።

ኃላፊው ያለው ቅዳሜ ደርሶ የሚፈቱት ሰዎች ስም ተጠራ፤ የእኔ የለበትም። የልጄን መወለድ ምሳ ይዞ የመጣ ጎረቤት በበሩ በኩል ነገረኝ። አያ ግንባሬን ሳሙኝ። አለቀስኩ፤ አልደበቅሁትም።

ብዙም ሳይቆይ አያን ወዴት እንደሆነ ሳይነግሩን ወሰዷቸው። ከዚያ የእኔ ተራ ደረሰ። ጠዋት እህል ሳንቀምስ ማኪና ላይ ጫኑን፤ ቀኑን ሙሉ ተጉዘን አመሻሽ ላይ ከማላውቀው እስር ቤት ገባን። ቤተሰቤ የት እንዳለሁ አያውቅም። አንድ የማላውቀው ሰው ብድግ አለና ወደ ጣሪያው እጁን ዘርግቶ የተሰቀለ ፌስታል አወረደልኝ። ከቋጠሮው በላይ ከጀሪካን የተቆረጠ ክብ ነበረበት።

ማን እንዳሳያቸው ጠየቅሁት።

"አንድ አያ ነበሩ፤ አሁን ተፈተው አገራቸው ገብተዋል። መርዙን እምቢ ያለው ልጅ ሥራ ነው ይሉን ነበር።"

እኔ ነኝ አላልኩም። እጄን ታጥቤ በላሁ። ድርቆሹ ንጹሕ ነው፤ ጥርስ ያላረፈበት። በሙያዬ እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም።

ዛሬ ተፈትቼ ወደ መጋዘኖቼ ተመልሻለሁ። ልጄ መዋዕለ ሕፃናት ገብታለች፤ የአባትሽ ሥራ ምንድን ነው ሲሏት አይጥ ያባርራል ትላለች፣ ደረቷን ነፍታ። ስትወለድ አጠገቧ አለመኖሬ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ያን እሽግ በመመለሴ ግን አንድም ቀን ተጸጽቼ አላውቅም። ኃላፊው ፊት ቆሜ ስከራከርለት፣ ያ ገና ያልመጣው ሰው መልኩ ምን እንደሚመስል አላውቅም ነበር። ለካ እኔው ነበርኩ።