የሚስቱ አረንጓዴ ማለዳዎች

በያጁ ከብረት ጋር ሲታገል ሠላሳ ዓመት የኖረ ሰው ነው። ቤታቸው ባለው አንድ ኮምፒውተር እሱም፣ አዋላጅ ነርስ የሆነችው ሚስቱም፣ ሴት ልጃቸውም በየራሳቸው የይለፍ ቃል እየገቡ ቀጠሯቸውን ለየብቻ ይመዘግቡ ነበር። ባለፈው ወር የእናቱ የሐኪም ቀጠሮ ሦስቱም «ሌላው ይወስዳቸዋል» ሲሉ አለፈ። በዚህ የተነሳ ልጅቷ የጋራ ካላንደር ከፈተች።

«አባዬ፣ አንተ ሰማያዊ ነህ፤ እማዬ አረንጓዴ፣ እኔ ቢጫ። እስቲ የሆነ ነገር ጻፍ።»

በወፍራም ጣቱ ፊደል እየለቀመ፣ በእጁ ያለውን የብየዳ ሥራ «የትምህርት ቤቱ በር» ብሎ ጻፈ። ልጅቷ በራሷ ስም ስትገባ፣ በሩ እዚያም ቁጭ ብሏል።

«አጃኢብ ነው!» ብሎ ሳቀ።

ሚስቱ መጥታ ወሩን ስትሞላ ግን ሳቁ ጠፋ። ከማዋለጃ ክፍል ተራዋ ሌላ፣ በየማለዳው አንድ አረንጓዴ መስመር ነበር፤ «እማማን ማጠብ፣ እግራቸውን ማሸት»። ሠላሳውም ቀን። እናቱ አልጋ ላይ ከዋሉ ሁለት ዓመታቸው ነው። እሱ ጎህ ሲቀድ ወጥቶ ሲመለስ፣ ሁልጊዜ ታጥበውና ተበጥረው ያገኛቸዋል። እንዴት ብሎ ግን ጠይቆ አያውቅም።

«ይሄን ሁሉ ተሸክመሽ ነው ትንፍሽ ሳትዪ የኖርሽው?»

«አንተስ መቼ ጠየቅከኝ?» አለች፣ ሳትቆጣ።

ተራራ ሥር ቆሞ ሽቅብ እንደሚያይ ሰው ስክሪኑ ላይ ፈዞ ቀረ። ከዚያ ልጁን፣ «ማክሰኞን ወደ ሰማያዊ እንዴት ነው የምለውጠው?» አላት።

ማክሰኞ ማለዳ እናቱ፣ «ቀስ በል እንጂ፣ ብረት መሰልኩህ?» ሲሉት፣ ሚስቱ ገና አልተነሳችም ነበር።