የእናቴ ሰማያዊ ወረቀት

የሪፈረንደሙ ዕለት እኔና እናቴ ሰፈራችን ዓኽርያ ውስጥ ግማሽ ቀን ፀሐይ ላይ ተገተርን። ለእያንዳንዱ መራጭ ሁለት ወረቀት ይሰጥ ነበር፤ ሰማያዊው ነጻነትን እሺ፣ ቀዩ እምቢ ማለት ነው። የመረጡትን ሳጥን ውስጥ መክተት ብቻ ነበር። አፌ እስኪደርቅ አስረዳኋት፤ «እወ፣ እወ፣ ገብቶኛል» እያለች አሰለቸችኝ።

በነጋታው ውጤቱን ከሬዲዮ ስንጠብቅ የነጠላዋን ጫፍ ፈታ ሰማያዊውን ወረቀት አወጣች።

«እማዬ፣ ታዲያ ሳጥኑ ውስጥ ምን ከተትሽ?»

«ቀዩን ነዋ። የምጠላውን ጣልኩ፣ ስንት ዓመት የጠበቅኩትን ይዤ መጣሁ።»

ራሴን ያዝኩ። ይሄኔ ሬዲዮ ሊሰሙ የመጡት ጎረቤታችን፣ «እምቢ ያለ ሰው ይኖር ይሆን?» ብለው ጠየቁ።

«ካለ እጁን ይቁረጠው» አለች እናቴ፣ ወረቀቷን መልሳ እየቋጠረች።