እርጥበት መለኪያው

ልጄ ወልቂጤ ኮምፒውተር ተምራ፣ ተመርቃ ቡታጅራ ስትመለስ ሥራ አልነበረም። ቤይሩት ያለችው የጎረቤታችን ልጅ በደወለችላት ቁጥር ጆሮዬን አቆማለሁ። ስልኩን ዘግታ ስለ ደመወዙ ካወራችኝ ልቧ እየሄደ መሆኑን አውቀዋለሁ። ከዚያ ተቃጥላ መጣች፣ ከፎቅ ወደቀች የተባሉትን ልጆች አንድ በአንድ እቆጥርላት ነበር።

በመጨረሻ አንድ በርበሬ ነጋዴ ለሙከራ ወሰዳት። መጋዘኑ ውስጥ ከተዘጋ ላቦራቶሪ በርካሽ የገዛው የእርጥበት መለኪያ ነበረው። ሠራተኞቹ "ሬሳው" ይሉታል። ከኮምፒውተር ጋር የሚያገናኘው ፕሮግራም ጠፍቷል፤ የሠራው ፋብሪካም ድሮ ተዘግቷል። ስለዚህ ድራይቨሩን እሷ እንደ አዲስ መጻፍ ነበረባት።

"ካናገርሽው ትቀጠሪያለሽ። ካላናገርሽው ዓረብ አገር ሄደሽ ሽንት ቤት እጠቢ" አላት ነጋዴው፣ እኔ ምሳዋን ይዤ በሩ ላይ መቆሜን እያየ።

እኔ ከአራተኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም። ድራይቨር ምን እንደሆነ ስጠይቃት "እማዬ፣ ኮምፒውተሩ ያዛል፣ መሣሪያው ግን ትእዛዙ በራሱ አነጋገር ካልሆነ አይሰማም። በመሃል የሚያስማማቸው ጽሑፍ ነው" አለችኝ። መመሪያ ስለሌለው አንድ ትእዛዝ ትልክና መልሱን ትጠብቃለች። ሲያሻው ዝም ይላል፤ ሲያሻው የማይገባ ቁጥር ይተፋል። በኋላ ነገሩ ገባት። መሣሪያው ስላረጀ መልሱ ይዘገያል፤ ሳይጨርስ ሌላ ከጠየቁት የፊተኛውን ጆንያ ቁጥር ለኋለኛው ይሰጣል። ከእያንዳንዱ ጥያቄ በኋላ ኮምፒውተሩ ታግሦ እንዲጠብቅ አድርጋ ጻፈችው። ያን ቀን እየሳቀች ገባች። እኔ ኤሌክትሪኩ እንዳይዛት "ጫማሽን እንዳታወልቂ" አልኳት።

እኛ አገር በርበሬ ገበያ ሊወጣ ሲል በዋዜማው ውሃ ይረጭበትና በእንሰት ቅጠል ይሸፈናል። ደረቁን ከጫኑት ይሰባበራል፤ የተሰባበረ ደግሞ ዋጋ የለውም። ገዢው እጁን ጆንያው ውስጥ ከትቶ፣ ጨበጥ አድርጎ፣ አሽትቶ የውሃውን ያህል ከዋጋው ይቀንሳል፤ እንከራከራለን፣ እንስማማለን። ማንም ማንንም አላታለለም፤ ሁሉም የሚያውቀው ነው።

የሙከራው ቀን በርበሬ የምንሸጥለት ሴቶች ጆንያችንን ይዘን ተሰለፍን። እኔም እንደ ወትሮው ረጭቼ ነበር።

"ከእናቷ እንጀምር" አለ ነጋዴው። "በእናቷ ካልጨከነች በእናንተም አትጨክንም።"

ልጄ ከጆንያዬ ዘግና መሣሪያው ውስጥ ጨመረች። አጉረመረመ። ቁጥሩን አየች፤ ቀና ብላ እኔን አየችኝ። እዚያ ከነበርነው የዚያን ቁጥር ትርጉም የምታውቅ እሷ ብቻ ነበረች። እኔ በዓይኔ ለመንኳት።

"እርጥብ ነው፤ አያልፍም" አለች።

"ይሄ በርበሬ ነው ወይስ ሾርባ?" አለ ነጋዴው።

"ለሶላት ውዱእ ያላደረገ ካለ ይምጣ፣ ውሃው እዚህ ሞልቷል!" አለች ከኋላዬ የነበረችው፤ ሴቶቹ በሳቅ ፈነዱ። ሳቁ የራሳቸው ተራ እስኪደርስ ነበር። የሁሉም ወደቀ፤ የወደቀውንም ነጋዴው በግማሽ ዋጋ ወሰደው።

"በዚሁ በረጠበ በርበሬ አይደል እንዴ ያስተማርሻት?" አለችኝ ያችው ሴት። "ወላሂ፣ እባብ ነው ያሳደግሽው።"

ነጋዴው ግን ልጄን "ተቀጥረሻል" አላት። እኔም ውርደቴን ረስቼ አልሐምዱሊላህ አልኩ።

ሴቶቹ እንደወጡ ጠራት። እኔ ባዶ ጆንያዬን እያጠፍኩ ነበር፤ ከሰውም አልቆጠረኝ።

"ከነገ ጀምሮ በእያንዳንዱ ጆንያ ቁጥር ላይ ትንሽ ጨምሪበት። ደረቁም እርጥብ ይባል።"

"እኔ መሣሪያው ያለውን ብቻ ነው የምናገረው፣ ጋሼ።"

"እናትሽን አዋርደሽ ለእነዚህ ልትራሪ?"

"ለእናቴም ያልኩት እውነቱን ነው።"

"እንግዲያው እውነትሽን ይዘሽ ቤይሩት ግቢ" አላትና የእህቱን ልጅ ወንበሩ ላይ አስቀመጠው። ድራይቨሩ ተጽፎ አልቋል፤ ለእሱ የቀረው ቁልፍ መጫን ብቻ ነበር።

ለሴቶቹ የሆነውን ነገርኳቸው። ማን ይመነኝ! የአንድ ለአምስት ስብሰባ ላይ ስገባ "ሾርባዋ መጣች" ይሉኝ ጀመር። ልጄ ፓስፖርት አወጣች። ምን ይዤ ልከልክላት? መናኸሪያ ሸኘኋት። ማንን እንዳታምን፣ የትኛው መስኮት አጠገብ እንዳትቆም እየነገርኳት አውቶቡሱ ተንቀሳቀሰ።

ከዚያ በኋላ በርበሬዬን ሳልረጭ፣ ፀሐይ በደንብ አስመትቼ ወሰድኩ። ግማሹ መንገድ ላይ ተሰባበረ። የነጋዴው የእህት ልጅ ለካና "እርጥብ ነው" አለኝ። አንድ ዛላ አንስቼ እሱ ፊት መዳፌ ውስጥ ጨመቅኩት፤ ዱቄት ሆነ።

"እናቴ፣ መሣሪያ አይዋሽም" አለኝ ፈገግ ብሎ። "ደግሞ የራስሽ ልጅ ናት የሠራችው።"

ሌላ ገዢ አልነበረም። እሱ በጠራልኝ ግማሽ ዋጋ ሸጥኩለት።