የለቅሶው ሳምንት መጠይቅ

ኢኮኖሚው በሁለት አኃዝ አደገ በሚባልበት ዘመን፣ ዕድገቱ ለድሃው ምን ያህል እንደደረሰው ለሚያጠና ቡድን መረጃ እሰበስብ ነበር። በፈረንሳይ ለጋሲዮንና ከዚያ በላይ ባለው ዳገት ቤት ለቤት እየዞርኩ፣ ሰው በሳምንቱ የበላውን እመዘግባለሁ።

ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው የሚሸጡ አንዲት እናት ነበሩ። ከሴት ልጃቸው ጋር ይኖራሉ። በመጀመሪያው ዓመት ስጠይቃቸው ሳምንቱን ያሳለፉት በሽሮና በጎመን ነበር።

በዓመቱ ስመለስ ደጃቸው ላይ ድንኳን እየፈረሰ ደረስኩ። ልጅቷ ከነሸክሟ ገደል ገብታ ከሞተች አራት ቀኗ ነበር። አፍሬ ልመለስ ስል፣

"ነይ ግቢ ልጄ፣ የመጣሽበትን ጠይቂ" አሉኝ።

"በዚህ ሳምንት ሥጋ በልተዋል፣ እማማ?"

"ጎረቤት አምጥቶ አጎረሰኝ። አልጣመኝም እንጂ በልቻለሁ።"

"ዘይት፣ ዳቦስ?"

"ለቅሶ ቤት ምን ይጠፋል? ሁሉም ነበር።"

ቢሮ ገብቼ ለተቆጣጣሪዬ ነገርኩት።

"ቅጹ ላይ የሐዘን ቦታ የለም፤ የተበላውን ጻፊ" አለኝ።

ጻፍኩ። ምግቡ በዝቶ፣ ተካፋዩ ከሁለት ወደ አንድ ወርዶ፣ ውጤቱ ሲመጣ ያ ቤት ኑሯቸው ከተሻሻለላቸው ድሆች ተርታ ገባ። ውጤቱ በቀረበበት ስብሰባ ላይ እጄን ላወጣ አሰብኩ፤ ግን ኮንትራቴ የሚታደስበት ወር ስለነበር ዝም አልኩ።

ከሳምንት በኋላ እኚያን እናት እንጨት ተሸክመው ብቻቸውን ሲወርዱ አየኋቸው። ሳያዩኝ መንገድ ቀየርኩ።