ለእማዬ ቀኝ ጉልበት ወደ ዲላ

ከገደብ በላይ ካለው ቀያችን እማዬን ይዤ የወጣሁት ማክሰኞ ማለዳ ነው። ዲላ ያለው ሐኪም ጉልበቷን እንዲያይልን ነበር። ጎረቤቶች በቃሬዛ ሊሸከሟት መጡ። እሷ ግን፣ "ገና ሬሳ አልሆንኩም፤ ቃሬዛውን ለቀኑ አቆዩልኝ" ብላ አሳቀቻቸው። እኔ አልሳቅሁም። በተዋስናት በቅሎ ላይ አወጣናት። ቀኝ እግሯ እምብዛም ስለማይታጠፍ ወደ ፊት እንደተዘረጋ ሄደ።

ከመነሳታችን በፊት ጸለይን። እኛ ስንንበረከክ እሷ ግድግዳ ተደግፋ ቆመች። ልመናዋ አንድ ነበር፤ ወደ እንሰት መፋቂያ ሳንቃዋ መመለስ። መፋቁን እኔ ከተረከብሁ ዓመት ሆኖኛል። አንዳንድ ጠዋት ሥራው ትናንት ከተውሁበት አልፎ አገኘው ነበር። ጎረቤቶች የረዱኝ መስሎኝ በልቤ አመስግኜ አልፍ ነበር።

መንገዱ

ቁልቁለቱ ያዳልጥ ነበር። በቡናው ጥላ ሥር በቅሎዋ በተንሸራተተች ቁጥር እማዬ ከንፈሯን ትነክሳለች እንጂ ድምፅ አታሰማም። ገደብ ስንደርስ ቡና የጫነ መኪና አገኘን። ሾፌሩ በሰው ሁለት ብር ጠየቀ፤ እግሯን ሲያይ ግን እሷን በነፃ ጋቢና አስገባት። ጌታ ይባርከው። እኔ ከላይ ጆንያ ላይ ተቀመጥሁ። ይርጋ ጨፌ ቆመን ከቤት የያዝነውን ዋሳ፣ የእንሰት ቂጣውን፣ በጎመን በላን። ወደ ማታ ዲላ ገብተን ዘመድ ቤት አደርን።

ሐኪሙ ዘንድ

ይህ ሐኪም ለቤታችን አዲስ አይደለም። ልጄን ከሳንባ ምች ያዳነልኝ እሱ ነው። አንድ ጊዜም ለክትባት ሲመጣ ቤታችን ገብቶ፣ አንድ እግራችንን አንሥተን እንሰቱን ሳንቃው ላይ በተረከዝ ይዘን ስንፍቅ አይቷል። ረቡዕ ጠዋት ክፍሉ ስንገባ ከጃንሆይ ፎቶግራፍ ሥር ተቀምጦ በየስማችን ጠራን። እማዬ አማርኛ ስለማትችል እኔ አስተረጎምሁ።

"እማማ፣ እንዴት ነዎት?"

"እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ።"

"ጉልበትዎስ?"

"ደህና ነው። አንተስ? ሚስትህስ? ልጆችህስ?"

ሐኪሙ ሳቀ። "እንዲህ ከሆነ እኔን ልታክሙ ነዋ የመጣችሁት!"

በእኛ ዘንድ ለሰላምታ ሕመም አይመለስም፤ ምስጋና ይቀድማል። እሱም ይህን ስለሚያውቅ አልቸኮለም። ጉልበቷን እየዳሰሰ፣ "ጠዋት ሲነሱ ምን ይሠራሉ?" አላት።

እማዬ አየችኝና በጌዴኦኛ ቀስ ብላ መለሰች። "ልጄ ለማለዳ ጸሎት ስትወጣ በመቀመጫዬ እየተንፏቀቅሁ ጓሮ እወርዳለሁ። ጥቂት እፍቃለሁ። እንዳታየኝ ቶሎ እመለሳለሁ።"

ይህን ለሐኪሙ ቃል በቃል ተረጎምሁለት። በዚያ ሰዓት እኔ ጌታ እንዲፈውሳት እየለመንሁ ነበር። ሐኪሙ ወደ እማዬ ዞረ።

"ሳንቃው ላይ የሚያነሡት የትኛውን እግር ነው?"

እማዬ ቀኟን ነካች። "ከልጅነቴ ጀምሮ። ልጄ፣ አንዲት መርፌ ብቻ ውጋኝ።"

"እማማ፣ ያለቀ ጉልበት በመርፌ አይመለስም። ሕመሙን እናቃልላለን። መሬት ተቀምጦ መፋቅ ግን ከእንግዲህ ይቅር።"

ያንንም ተረጎምሁ። እማዬ ቀሚሷን ጉልበቷ ላይ መለሰች። ከዚያ፣ "እውነቱን ስለነገረኝ አመስግኚልኝ" አለችኝ።

ከምግብ በኋላ የምትውጠው ኪኒን ሰጣት። ምርኩዝ በቁመቷ ልክ እንዲቆረጥላት ነገረኝ። ተቀምጣ እግሯን እንዴት እንደምትዘረጋና እንደምታጥፍ ራሱ እያደረገ አሳያት። ገደብ ሲመጣም ቤት ድረስ ወጥቶ ሊያያት ቃል ገባ።

ቤት

ሐሙስ ቤታችን ገባን። በማግስቱ ጓሮ ወረድሁ። እማዬ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ታየኛለች። ሳንቃው ፊት ተቀምጬ ቀኝ እግሬን አነሣሁ።

"ግራሽን" አለች።

"ግራዬ አልለመደም፣ እማዬ።"

"ይልመድ። የእኔ ቀኝ ብቻውን ሲሠራ ነው ያለቀው።"

ግራዬን አነሣሁ። ከዚያች ቀን ጀምሮ እናቴን ሁለት ጊዜ መጠየቅ ተምሬአለሁ። የመጀመሪያው መልስ የእግዚአብሔር ነውና። አንድ ጠዋትም እንዲሁ ጠየቅኋት።

"እማዬ፣ እንዴት አደርሽ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን።"

"ጉልበትሽስ?"

ምርኩዟን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው አዛወረች።

"ያመኛል" አለች።

ስለዚያች ቃል ጌታን አመሰገንሁ።