የኦቦ አደም ግራ እጅ

ትናንት ከዚራ በሚባለው ሰፈር ሰዎች አጥር ሊጠግኑ ኖራ ሲያቦኩ፣ ሽታው ባለሁበት አቆመኝ። በዚህ ዕድሜዬ ፊቴ በእፍረት ጋለ።

ያደግሁበት ግንብ ጣልያን ለጦሩ ያሠራው ምሽግ ነበር። ጣልያን ሲወጣ ለደጃዝማች አያቴ ተሰጠ። ጠመንጃ ይደገንባቸው የነበሩት ጠባብ ቀዳዳዎች መስታወት ገባላቸው፤ የጥይት መጋዘኑም የግብር አዳራሽ ሆነ። አትክልተኛችን ኦቦ አደም ምሽጉ ሲሠራ በግድ ድንጋይ ካመላለሱት አንዱ ነበሩ። የግራ እጃቸውን ሁለት ጣቶች ድንጋይ ጨፍልቆ ቆርጦባቸዋል። ኖራ እየቀቡ ይህን ያጫወቱኝ ዕለት፣ “አንቺ ካወቅሽልኝ ይበቃኛል፣ ልጄ” አሉኝ።

አንድ ቅዳሜ የክፍል ጓደኞቼን ጋበዝኩ። አንዷ ግንቡን ሽቅብ እያየች፣ “ማነው የሠራው?” አለችኝ።

“አያቴ ናቸዋ።”

“ውሸትሽን ነው። አባቴ ጣልያን ነው የሠራው ብሎኛል።”

ኦቦ አደም አጠገባችን ጽጌረዳ ያጠጣሉ። “ኦቦ አደም፣ አያቴ አይደሉም የሠሩት?” አልኳቸው።

ባልዲውን አስቀመጡና ግራ እጃቸውን ሽርጣቸው ውስጥ ሸሸጉ።

“አዎ፣ እሜቴ” አሉ። “ደጃዝማች ናቸው የሠሩት። ሲሠሩም በዓይኔ አይቻለሁ።”

ከዚያ ቀን በኋላ ልጄ ብለውኝ አያውቁም። እኔም ይቅርታ ሳልጠይቃቸው ሞቱ።

ትናንት ኖራ ከሚያቦኩት አንዱ፣ “እማማ፣ እንዳይነካዎት በዚህ ይለፉ” ብሎ እጁን ዘረጋልኝ። ከመያዜ በፊት ጣቶቹን ቆጠርኩ።