ጥሪው የገባበት ሰዓት

እዚህ አገር ሰው የሚያመካኝበት አያጣም፤ አሁን አሁን ደግሞ ሁሉም የሚያመካኘው በእኔ ሥራ ላይ ነው። መዝጋቢዋ ቁርስ ልትበላ ስትወጣ «ሲስተም የለም» ትላለች። የታካሚ ካርድ የጠፋበት ክፍል «ሲስተሙ በላው» ይላል። ሲስተሙን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ካርድ ሲበላ አይቼው አላውቅም።

ዩኒቨርሲቲ እንደጨረስኩ አዲስ አበባ ለግል ክሊኒኮች ፕሮግራም እሠራ ነበር። የሚጨነቁት የደረሰኙ አርማ ስለማማሩ ነበር። ሰልችቶኝ ጤና ቢሮ ልሠራ ወደ ተወለድኩበት አሰላ ስመለስ ያልሳቀብኝ አልነበረም። እናቴ ለጎረቤት «ጤና ላይ ነው የምትሠራው» ትልና ዝም ትላለች፤ ሐኪም መስዬአቸው ያበጠ ጉልበታቸውን ሊያሳዩኝ የመጡ ሽማግሌዎች አሉ። ኮምፒውተር ላይ እንደምሠራ ስነግራቸው ደግሞ የተበላሸ ሬሲቨር ይዘው ይመለሳሉ።

ከሠራሁት ሁሉ የምኮራበት የአምቡላንስ ጥሪውን ነው። ከጢቾ መንገድ ገባ ብሎ ካለ ጤና ጣቢያ አዋላጅ ነርሷ ስልኳ ላይ አንድ ምልክት ትጫናለች፤ ጥሪው እኛ ቢሮ ይገባል፤ የገባበት ሰዓት ይመዘገባል፤ ሹፌሩ ይነሳል። በቃ፣ ይኸው ነው። ኢንተርኔት ቢጠፋ በአጭር መልእክት ይመጣል። ደጋው ላይ መብራት ሲሄድ ምን ምን አብሮ እንደሚሄድ እኔን የሚያስተምረኝ የለም።

አንድ ክረምት እዚያ ጤና ጣቢያ አንዲት ወላድ ምጥ ጠናባት። አዋላጇ ጠዋት ጠራች። አምቡላንሷ ግን የመሥሪያ ቤታችንን እንግዶች ልታደርስ ሄዳ ነበርና ጤና ጣቢያው የደረሰችው ከሰዓት በኋላ ነው። እናትየው ተረፈች፤ ልጇ አልተረፈም። በማግስቱ ወሬው ሁሉ «አዋላጇ ዘግይታ ነው የጠራችው» ሆነ።

ጉዳዩ የሚታይበት ግምገማ ተጠራ፤ ከዚያ በፊት አለቃዬ ጠራኝ። ከሌላ ዞን ተመድቦ የመጣ፣ ዝውውሩን የሚጠብቅ ሰው ነው። ፊት ለፊት እርስዎ እለዋለሁ፤ እዚህ ግን አልለውም።

«መዝገቡ ጠዋት ነው የጠራችው ይላል አይደል?»

«አዎ።»

«እንግዲህ የሲስተም ስህተት ነው በይ። ሲስተም እንደሆነ ይሳሳታል፣ ማንም አይገረምም።»

«አዋላጇስ?»

«ቢበዛ ከሥራ ብትሰናበት ነው። ወጣት ናት፣ ሌላ ቦታ አታጣም።»

ደሜ ፈላ። የዚያችን ልጅ እንጀራ ሊቆርጥ የፈለገው በእኔ እጅ፣ እኔ በጻፍኩት ፕሮግራም አሳብቦ ነው። «እርስዎ ከፈለጉ ይበሉ፣ እኔ አልልም» ብዬው ወጣሁ።

ግምገማው ላይ አዋላጇ ከነጭቃ ቦቲዋ ጥግ ይዛ ተቀምጣለች። አንዱ ተነስቶ «ክፍተት ታይቷል» ይላል፣ ሌላው «የማስተማሪያ እርምጃ» ይላል፤ መኪናዋ የት እንደነበረች የሚያነሳ ጠፋ። ተራዬ ሲደርስ ተነሳሁ።

«ሲስተሙ አልተሳሳተም» አልኩ። «ጥሪው ጠዋት ገብቷል። ከዚያ በኋላ የባከነው ሰዓት የእኛ ነው። መኪናዋ እንግዳ ታመላልስ ነበር።»

አለቃዬ ጉሮሮውን ጠራርጎ «በባለሙያ ይጣራ» አለ።

«ይጣራ! ከፈለጋችሁበት ባለሙያ አምጡ፤ ወላሂ፣ ሻዩን የምጋብዘው እኔ ነኝ።»

ያመጡት ባለሙያም ያንኑ ነገራቸው። አዋላጇ ሥራዋ ላይ ቀረች። እኔን ከቢሮዬ አንስተው እስቶሩ አጠገብ ወዳለች ጠባብ ክፍል ወረወሩኝ፤ ቅጣት መሆኑ ነው። ክፍሏ ትበርዳለች፣ ግን መኪኖቹ የሚቆሙበትን ግቢ ፊት ለፊት ታያለች። ለእኔ ከዚህ የተሻለ ቢሮ የለም።

አዋላጇ አሁን አምቡላንስ በጠራች ቁጥር ለእኔም ትደውላለች። «ኦቦሌቲ ኮ» ትለኛለች፣ እህቴ ማለቷ ነው፤ «ገብቷል?»

«ገብቷል» እላትና ላፕቶፔን ዘግቼ ወደ ግቢው እወጣለሁ። ሹፌሩ ሲያየኝ ፊቱን ያጠቁራል።

«አንቺ ደግሞ እዚህ ምን ቤት ነሽ? ሥራሽ ኮምፒውተር አይደል?»

«ነው። አሁን ሞተሩን አስነሳ።»

መኪናዋ ከግቢው እስክትወጣ ድረስ ንቅንቅ አልልም።